ሹፌራችን የተለካበት መንደር

በዚያ ሚያዝያ ከአሶሳ የወጣነው ሦስት ሆነን ነው፤ እኔ፣ ሲስተርና ሹፌሩ። ሥራችን በአጭሩ ልጅ መለካት ነበር። የክልሉ ልጆች እንዴት እንደሚያድጉ፣ ምን እንደሚበሉ፣ ይማሩ አይማሩ፣ ደስ ይበላቸው ይክፋቸው ይታወቅ ተብሎ ትልቅ ጥናት ታሰበ። ቡድን ተደለደለ። አንዱ ወደ መተከል፣ አንዱ ወደ ካማሺ ሲላክ ለእኛ የሸርቆሌ መንገድ ደረሰን። የመተከሏ ግልገል በለስ የደረሳቸው የሥራ ባልደረቦቼ «መንገዱ ብቻውን ከሥራው ይበልጣል» እያሉ ሲያጉረመርሙ እኔ ፊቴን አዙሬ ፈገግ አልኩ። የሸርቆሌ መንገድ ጠዋት በሚኒባስ ሄደው ማታ ቤታቸው የሚገቡበት መንገድ ነው። ቀላል ይሆናል ብዬ ነበር።

የተወለድኩት ከአሶሳ ወጣ ብለው ካሉት የሰፋሪ አምባዎች በአንዱ ነው። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ አባቴ አፉን ሲከፍት ዛሬም ትናንት ከደሴ የወረደ ይመስላል። እኔ ግን የዚህ አገር ልጅ ነኝ። ከበርታ ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተምሬያለሁ፣ ሙቀቱን እነሱ እንደሚችሉት እችለዋለሁ። ቋንቋው ላይ ስንመጣ ግን አፍራለሁ። ሰላምታ እችላለሁ፣ ገበያ ላይ ማንጎ ተከራክሬ እገዛለሁ፣ ከዚያ በኋላ ዝም ነው። አንድ ጊዜ በበርታኛ አንዲት እናትን «ልጅሽ ያምራል» ያልኩ መስሎኝ ምን እንዳልኩ እግዜር ይወቀው፣ ግቢው በሙሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

ስለዚህ ቡድኑን ቡድን ያደረገችው ሲስተር ናት። ነርስ ናት፣ በርታ ናት፣ የአራት ልጆች እናት ናት፤ ስትስቅ ትከሻዋም ወገቧም አብረው ይስቃሉ። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ እኔን «አንቺ የቢሮ ልጅ» እያለች ነው የምትጠራኝ። ሹፌራችን የባምባሲ ሰው ነው፤ ቀጭን፣ እጅግ በጣም ረጅም። መኪና ውስጥ ሲቀመጥ ጸጉሩ ጣሪያውን ይነካል። አማርኛና ኦሮምኛ ቀላቅሎ ያወራል፤ ሲደነግጥ ግን ኦሮምኛው ብቻ ይቀራል፤ «ያ ዋቅ!» ይላል፣ አምላኬ ሆይ እንደማለት። «እኔ የተቀጠርኩት መሪ ልይዝ ነው እንጂ ዕቃ ልሸከም አይደለም» እያለ ዕቃውን በሙሉ የሚሸከመው እሱ ነው።

ዕቃችን ብዙ አይደለም። ሚዛን አለ። በክንድ ላይ የሚጠመጠም፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም ያለው ጥብጣብ አለ፤ ክንዱ የቀጠነ ልጅ ቀዩ ላይ ያርፋል። ተለቅ ያሉ ልጆች የሚጠየቁት ጥያቄ የተጫነበት ታብሌት አለ። ከሁሉም የሚከብደው የቁመት መለኪያው ነው፤ ረጅም ጣውላ፣ ጫፉ ላይ የራስ መደገፊያ ያለው፣ ከእግር በኩል የሚንሸራተት ሌላ ጣውላ ያለው። መቆም የቻለ ልጅ ተደግፎት ይለካል፤ ገና ያልጠነከረ ሕፃን ደግሞ እሱ ላይ ተጋድሞ ይለካል። ሥልጠና ላይ ስንለማመድ የለካነው አሻንጉሊት ስለነበር ማንም ተቃውሞ አላሰማም።

መንደሩ ስንደርስ ረፋድ ነበር። ትልልቅ ማንጎ ዛፎች መሐል የቀርከሃ አጥር፣ የሣር ክዳን ጎጆዎች፣ ከዚያ ራቅ ብሎ ትምህርት ቤት። የቀበሌው ሊቀመንበር ቀድሞ ስለተነገረው እናቶቹን ከጥላው ሥር ሰብስቦ ጠበቀን። ሚዛኑን አወጣን። ሚዛን የሚያስፈራ ነገር የለውም፤ እናቶቹ ተራ በተራ ልጃቸውን እያስቀመጡ የማን ልጅ እንደሚከብድ ሲፎካከሩ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ነገሩ እንዲህ ከሄደ ከምሳ በፊት እንጨርሳለን ብዬ ለራሴ ተናገርኩ።

ከዚያ ሹፌሩ ጣውላውን አምጥቶ መሬት ላይ አጋደመው።

ሳቁ ቀጥ አለ። ከፊት የነበረችው እናት ሕፃኗን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች። ከኋላ አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። መንደሩ በሙሉ «ሀቦባ» ነው የሚላቸው፤ አያት እንደማለት ነው። ድምፃቸውን ሳያነሡ ጥቂት ቃላት ተናገሩ። እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው፣ ነጠላቸውን እየሳቡ፣ አንድ በአንድ ወደየቤታቸው ሄዱ። ጥላው ሥር እኛ፣ ሊቀመንበሩና ጣውላው ቀረን።

«ምን አሉ?» አልኳት ሲስተርን።

«ሰው ተጋድሞ የሚለካው አንድ ጊዜ ብቻ ነው አሉ።»

«መቼ?»

ሲስተር እንደ ሞኝ አየችኝ። «ሲሞት ነዋ። ጉድጓዱ እንዲበቃው።»

እኔ ጣውላውን አየሁት። የራስ መደገፊያ አለው። የእግር መግጠሚያ አለው። ያን ሁሉ ቀን ስለማመድበትና ስወለውለው አንድም ቀን እንደዚያ አላየሁትም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን እንደዚያ ካልሆነ በቀር አልታይ አለኝ።

ሊቀመንበሩ ለመነ። ሲስተር ቁጭ ብላ አስረዳች፤ ሕፃን እድገቱ የሚታወቀው ክብደቱ ከቁመቱ ጋር ሲታይ እንደሆነ፣ ይህ ካልታወቀ የራበው ልጅ ከጠገበው እንደማይለይ። ሀቦባ በትዕግሥት አዳመጡ። ቁጣ የሚባል አልነበረባቸውም። ከጓሮ ማንጎ አስለቅመው በሳፋ አስመጡልን። «እንግዳ ናችሁ፣ ብሉ። ማንጎው የእናንተ ነው። ልጅ ግን አይጋደምም» አሉ፤ ሲስተር ተረጎመችልኝ። ማንጎው ደግሞ እንዴት ይጣፍጥ ነበር! ተሸንፌ እየበላሁ እጄን እስከ ክርኔ አጨማለቅሁት።

ቀኑ ወደ ስድስት ሰዓት ሲጠጋ የአሶሳ ሚያዝያ የሚችለውን ሁሉ አደረገ። ቅጠል አይንቀሳቀስም። ዶሮ እንኳ ክንፏን ዘርግታ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ሹፌሩ ከጠዋት ጀምሮ ወገቤን ሲል ነበር። ዙሪያውን አየ፤ መሬቱ አቧራ ነው፤ ጥላው ሥር ንጹሕ ነገር ቢኖር ያ ጣውላ ብቻ ነው። ማንንም ሳይጠይቅ ሄዶ ተጋደመበት።

ራሱ መደገፊያውን ነካ፤ እግሩ ግን ከጣውላው አልፎ፣ ከጥላው አልፎ፣ ፀሐይ ላይ ወጣ። ጫማው እንኳ ለብቻው ሌላ አገር ያለ ይመስል ነበር። ሲስተር ተነሥታ የእግር መግጠሚያውን ስባ ጉልበቱ ላይ አስደገፈችውና በበርታኛ ጮክ ብላ አንድ ነገር ተናገረች። ኋላ እንደነገረችኝ «ይሄ ልጅ ገና ጉልበቱ ድረስ ብቻ ነው ያደገው፣ የቀረው ትርፍ ነው!» ማለቷ ነበር። ከአጥሩ ኋላ የልጆች ሳቅ ተሰማ። ከዚያ የእናቶች። መጀመሪያ ልጆቹ ተመለሱ፤ ዙሪያውን ከበው እግሩን በጣታቸው ይነካካሉ። ቀጥሎ እናቶቹ መጡ፤ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ይስቃሉ። በመጨረሻ ሀቦባ መጡ። አልሳቁም። በምርኩዛቸው ከራሱ እስከ ጫማው እየጠቆሙ ተመለከቱትና ፍርዳቸውን ሰጡ።

«ይህ ሰውዬ ተጋድሞ ተለክቷል። ነገ ጠዋት በሕይወት ካገኘነው እንነጋገራለን።»

ሲስተር ስትተረጉም ሹፌሩ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ተቀመጠ። «ያ ዋቅ! ቆይ፣ እኔ ነኝ የምሞከረው?»

«አንተ ነህ ጋሼ» አልኩት።

«ወገቤን ስላመመኝ?»

«አደራ እንዳትሞትብን» አለችው ሲስተር፤ «ጥናቱ ይበላሻል።»

ያን ዕለት አሶሳ መመለስ አልቻልንም። እኔና ሲስተር ትምህርት ቤቱ ውስጥ አደርን። ሹፌሩ እንደ ልማዱ መኪናው ውስጥ፣ ወንበሩን ዘርግቶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ። ሲመሽ ገንፎ በባሚያ ወጥ ሲቀርብለት ሴቶቹ ዓይን ዓይኑን እያዩ ከማንም በላይ ጨመሩለት። «ይሄ የመጨረሻ እራቴ ነው መሰለኝ» እያለ ሳህኑን ጠረገው።

ጠዋት ገና ፀሐይ ስትወጣ ከትምህርት ቤቱ ስንወጣ መንደሩ በሙሉ መኪናውን ከቦታል። ሹፌራችን ብርሃን እንዳይነካው የመኪናውን መስታወት በጨርቅ ሸፍኖታል። እንቅስቃሴ የለም። ሰው ይጠብቃል። አንዱ መስታወቱን በጣቱ ቆረቆረ፤ ዝም። ሌላው በሩን መታ አደረገ፤ ዝም። እኔ አንድም ጥርጣሬ አልነበረኝም፤ ይህ ሰው እንቅልፍ እንደሚወድ አውቃለሁ። ግን ሌላው ሲደነግጥ ድንጋጤ ይጋባል፤ እኔም መስታወቱን መቆርቆር ጀመርኩ። ሲስተርም ሳቋን አቁማ ፊቷ ሌላ ሆነ። አንዲት እናት ልጇን አቅፋ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመረች።

ሀቦባ ሰዉን ከፍለው አለፉ። ምርኩዛቸውን አንሥተው በሩን ሦስት ጊዜ ደለቁት። ከዚያም በሚችሉት አማርኛ ጮኹ፦

«አንቺ! አንቺ ሹፌር! ሞትሽ ወይ?»

ከውስጥ «ያ ዋቅ!» የሚል ጩኸትና አንድ ትልቅ ግጭት አንድ ላይ ተሰማ። ደንግጦ ሲነሣ በራሱ ጣሪያውን መትቶታል። በሩ ተከፈተ፤ ሹፌራችን ጋቢውን እንደተከናነበ፣ አናቱን በሁለት እጁ ይዞ ወጣ። እልልታው ቀለጠ። እንደ ሙሽራ ነው የተቀበሉት። አንዱ ሻይ ሰጠው፣ አንዱ ጀርባውን መታ መታ አደረገው፤ እሱ ምን እንደተደረገ እንኳ በቅጡ ሳይገባው ለሁሉም እጅ ይነሣል። ሀቦባ ክንዱን ቆንጠጥ አድርገው አረጋገጡና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ጥርስ የላቸውም ነበር፤ ሳቃቸው ግን ፊታቸውን በሙሉ ሞላው።

«መጀመሪያ እኔን» አሉ።

ለካናቸው። በእርግጥ ቆመው ነው የተለኩት። ቁመታቸው ሲነገራቸው አልተቀበሉም። «በልጅነቴ ከዚህ እበልጥ ነበር» ብለው ከሲስተር ጋር ተከራከሩ፤ እንደገና ለካናቸው፤ እንደገና ተከራከሩ። በመጨረሻ ጣውላው ያጠረ መሆን አለበት ተባለና ነገሩ በሰላም አለቀ። ሊቀመንበሩም ተለካ። የሊቀመንበሩ ወንድምም ተለካና ከሊቀመንበሩ በጣት በለጠ፤ ይህ እስከ ማታ መነጋገሪያ ሆነ። ከዚያ እናቶቹ ሕፃናቱን አመጡ። ሕፃናቱ አለቀሱ፣ ተወራጩ፣ አንዱ የሲስተርን ነጭ ጋዋን አረጠበው። ሀቦባ ከጣውላው ራስጌ ተቀምጠው እያንዳንዱ ሕፃን ሲጋደም «ቢስሚላህ» ይላሉ፤ ሲነሣ ደግሞ እንደ አዲስ የተወለደ ያህል ስመው ለእናቱ ይመልሱታል።

ከሰዓት በኋላ የትልልቆቹ ልጆች ተራ ሆነ፤ እዚህ ላይ የእኔ መከራ ጀመረ።

ታብሌቱ ላይ የመሰላል ሥዕል አለ። ከታች እስከ ላይ አሥር እርከን አለው። ለልጁ ሥዕሉን ታሳየውና «ላይኛው እርከን በጣም ጥሩ ኑሮ ነው እንበል፤ ታችኛው በጣም መጥፎ ኑሮ ነው። አንተ አሁን የትኛው ላይ ነህ?» ትለዋለህ። አሠልጣኛችን ከሁሉም ጥያቄ ዋናው ይሄ ነው፣ የልጁን ልብ የሚነግራችሁ ይሄ ነው ብሎን ነበር። ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩና የመጀመሪያውን ልጅ ጠየቅሁ፤ ሲስተር ተረጎመች። ልጁ መሰላሉን አየ፣ ቀና ብሎ ዛፉን አየ፣ ከዚያ አምስተኛውን እርከን ነካ። ሁለተኛዋ አምስተኛውን። ሦስተኛው ስድስተኛውን ካለ በኋላ ዛፉን ደግሞ አይቶ ወደ አምስት ወረደ። ጓደኛሞች ስለሆኑ ተነጋግረው መሆን አለበት ብዬ ከሌላ ሰፈር የመጡትን ጠራሁ። አምስት። አምስት። አራት፤ እሱም ረጅም ልጅ ነበር።

ማታ፣ ዳግመኛ እዚያው ስናድር፣ ከአሶሳ የሥራ ኃላፊያችን ደወለ። የላክነውን አይቶታል። «ምነው ልጆቹ ሁሉ አንድ መልስ መለሱ? ቁጭ ብላችሁ ነው እንዴ የምትሞሉት?» አለኝ፤ ድምፁ የቀልድ አልነበረም። በማግሥቱ ጠዋት አንዷን ልጅ ያዝኩና ለምን አምስት እንዳለች ጠየቅኋት። በትምህርት ቤት አማርኛ፣ ለትንሽ ልጅ እንደሚያስረዱ ሁሉ ቀስ ብላ አስረዳችኝ።

«አምስት ላይ ማንጎ ይደረሳል። ከላይ ከወጣሽ ቅርንጫፉ ቀጭን ነው። ይሰበራል።»

«ታች ብትሆኚስ?»

«ታች አይደረስም» አለች፤ ይህ ጥያቄ መጠየቁ ራሱ ገርሟት።

ለኃላፊው መልሼ ደወልኩና ነገርኩት። ሳቁን ለቀቀው። «ታዲያ ምን ይሻላል?» አለኝ። «ማንጎ ወደሌለበት እንሄዳለን» አልኩት። በዚያ አገር ማንጎ የሌለበት ቦታ መፈለግ ቀላል አይደለም፤ በመጨረሻ የትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ገባን፣ መስኮቱን ዘጋን፣ ቀስ አድርገን «ይህ መሰላል ዛፍ ላይ የተደገፈ አይደለም» እያልን እንደ አዲስ ጀመርን። ያኔ መልሶቹ መለያየት ጀመሩ። አንዱ አዲስ የተማሪ ደብተር ስለተገዛለት አሥረኛው ላይ ወጣ። አንዷ እናቷ ስላመማት ሦስት አለች፤ ሲስተር ጥያቄውን አቁማ ስለ እናቷ ጠየቀቻት።

አንዲት ዐሥራ አንድ ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ ግን ሥዕሉን አይታ ጣቷን ከመጀመሪያው እርከን በታች፣ መሬቱ ላይ አሳረፈች።

«እዚህ እርከን የለም እኮ» አልኳት።

«እኔ ይዣለሁ» አለች። «መሰላሉን እኔ ነኝ የምይዘው። ወንድሜ ነው የሚወጣው።»

«መያዝ ይደክምሻል?»

ትንሽ አሰበች። «ይደክመኛል። ግን ከለቀቅሁ ይወድቃል።»

«አንቺስ መውጣት አትፈልጊም?»

«ሲወርድ» አለች፤ ሳቀችም። ያለሐዘን ነበር የሳቀችው፤ ነገሩ ለእሷ ግልጽ ነው። ታብሌቱ ከአንድ በታች አይቀበልም። ለረጅም ጊዜ ጣቴን ሥዕሉ ላይ እያንከራተትሁ ቆየሁና ከታች ባለው የአስተያየት ቦታ ያለችውን ቃል በቃል ጻፍኩት። ማን እንዳነበበው አላውቅም።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ሀቦባ ሲስተርን ወደ ዳር ጠርተው አንድ ነገር ነገሯት። ሲስተር ጥብጣቧን ይዛ «ነይ» አለችኝ። ሦስታችን በቀርከሃ አጥሮቹ መሐል ሄደን ከመንደሩ ጫፍ ያለች ጎጆ ደረስን። ደጃፉ ላይ አንዲት ወጣት እናት ተቀምጣለች፤ ሁለት ልጆች አጠገቧ አፈር ይጫወታሉ፤ ጭኗ ላይ ዓመት ገደማ የሆነው፣ በነጠላ የተጠቀለለ ሕፃን አለ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁሉም ሲመጣ እሷ አልመጣችም ነበር። ስታየን ነጠላውን ይበልጥ ሸፈነችው።

ሲስተር ስለ መለካት አንድም ቃል አላነሣችም። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች። ስለ ሙቀቱ አወሩ፣ ስለ ውኃው አወሩ። ባሏ ወርቅ ወደሚታጠብበት ወንዝ ሄዶ ከርሟል። እሷ ወባ ጥሏት ነበር፤ ጡቷ ደረቀ። ሲስተር «እስቲ ስጪኝ» ብላ ሕፃኑን ተቀበለችና ሆዱ ላይ አፏን አድርጋ እፍ አለችበት፤ ይህን ስታደርግ የማይስቅ ልጅ አይቼ አላውቅም። ይህኛው ዝም ብሎ አያት።

«ሳቁ የት ሄደ?» አለቻት ለእናቲቱ።

«ተወው» አለች እናትየዋ። «ሙቀቱ ሲገባ ተወው።» ከዚያ ፊቷን አዙራ ማልቀስ ጀመረች። ያልመጣችው ጣውላውን ፈርታ አልነበረም። ሌሎቹ ሴቶች የሚዛኑን ውድድር ሲጫወቱ ድምፃቸው እዚያ ድረስ ይሰማ ነበር።

ጥብጣቡ ቀዩ ላይ አረፈ። ከዚያ ሁሉ ልጅ መካከል ቀይ ያየነው እሱን ብቻ ነበር። በሥልጠና ላይ ቀይ ምን ማለት እንደሆነ ተምሬ ፈተናውን አልፌዋለሁ፤ በእጄ ይዤው ሳየው ግን ጥብጣቡን ፈትቼ ደግሜ ጠመጠምኩት፤ ያው ቀይ ነው። ጤና ጣቢያ አሁኑኑ መሄድ አለበት። እናትየዋ ሁለቱን ልጆች አየች። «እነዚህንስ ለማን ጥዬ?»

«እኔ ምን እየሠራሁ ነው?» አሉ ሀቦባ። ሁለቱን ልጆች ወደ ራሳቸው አስጠግተው፣ ባዶውን ማሰሮ በምርኩዛቸው እያሳዩ፣ እናትየዋን በቁጣ አስነሷት። ቁጣቸውን ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሹፌሩ ስንመጣ አይቶ ምንም ሳይጠይቅ ሞተሩን አስነሣ። ወገቤን አላለም። በዚያ መንገድ እያንዳንዱን ጉድጓድ እንደ ጠላት እየሸሸ፣ ሕፃኑ እንዳይናወጥ መኪናውን እንደ እንቁላል ይዞ ነዳው። ጤና ጣቢያው ስንደርስ ሌላ በሽታ እንደሌለበት ታየና የምግብ ፍላጎቱ ሊፈተን ሆነ። በትንሽ ከረጢት የታሸገ፣ የለውዝ ቅቤ የመሰለ መድኃኒት ምግብ አለ፤ ልጁ በራሱ ፍላጎት ከበላው ቤቱ ሆኖ ይታከማል፤ እምቢ ካለ ይተኛል። እናትየዋ በጣቷ ጫፍ ከንፈሩ ላይ አስነካችው። ፊቱን አዞረ። ሲስተር «አትቸኩይ» አለቻት። ትንሽ ቆይታ ደግማ አስነካችው። ምላሱን አወጣ። ቀመሰ። አሰበ ልበል? ቅንድቡን አንሥቶ እንደ ትልቅ ሰው አሰበ። ከዚያ በዚያ ቀጭን እጁ ከረጢቱን ያዘና ወደ አፉ ጎተተው።

ከመስኮቱ ውጭ ጭብጨባ ሰማን። ሹፌራችን ቁመቱ ጠቅሞት ያለምንም መወጣጫ በመስኮቱ ያይ ነበር።

እናትየዋን የሕፃኑን የሳምንት ምግብ አስይዘን ወደ መንደሯ መለስናት። ቀጣዩን ከመንደሩ ጤና ኬላ እንደምትወስድ፣ ምግቡን ለሌሎቹ ልጆች እንዳታካፍል ሲስተር ደጋግማ ነገረቻት፤ ይህን የመቆጣጠሩን ሥልጣን ሀቦባ ሳይጠየቁ ወሰዱት። እኛም ወደ አሶሳ ተመለስን።

ኅዳር ላይ ውጤቱን ለየመንደሩ የማስረዳት ሥራ ሲመጣ ማንም ሳይመድበኝ እጄን አወጣሁ። ክረምቱ አልፎ ሣሩ ሰውን ይውጣል፤ ማሽላው ራሱን ዘንበል አድርጓል። ከመኪናው ስንወርድ በግቢው የሚሮጥ ልጅ አየሁ፤ ያ ጥብጣቡ ቀዩ ላይ ያረፈበት ሕፃን ነው። ሮጦ መጥቶ ሲስተርን ቀና ብሎ አያትና ጋዋኗን ሲለይ መንደሩን የሚያፈርስ ጩኸት ለቀቀ። መርፌ ማንም አልወጋውም ነበር፤ እሱ ግን ለሚመጣው አስቀድሞ መጮህን መርጧል። እናቱ ከኋላው እየሳቀች መጣች። ባሏም ተመልሷል፤ ከደጃፉ ላይ ሆኖ ሰላም አለይኩም አለን።

«ሳቁስ?» አለቻት ሲስተር።

«ኧረ አሁን ዝም በል ብዬ ነው የምለምነው!»

እናትየዋን ያየኋት ሌላ ሴት ሆና ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በጥብጣቡ እንዴት እንደሚለካ አስተምራ አንዱን ሰጥታታለች። በወር አንዴ የጎረቤቶቿን ልጆች ክንድ እየዞረች ትለካለች፤ ቢጫ ወይም ቀይ ካየች የልጁን እናት ይዛ ጤና ኬላ ትሄዳለች። ያን ዕለትም አንድ ቤት ቀርቷት ነበር። «ትንሽ ጠብቁኝ፣ እመጣለሁ» ብላን ሄደች።

እኔ ውጤቱን የሚያሳዩትን ትልልቅ ወረቀቶች ዘርግቼ ስዘጋጅ ሀቦባ መጡና አጠገቤ ተቀመጡ። የልጆቹን እድገት የሚያሳየውን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ ለረጅም ጊዜ አዩት። በአማርኛቸው «ይሄ ልጆቻችን ነው?» አሉኝ።

«አዎ እማማ፣ ልጆቻችን ናቸው።»

«ቆንጆ ነው» አሉ። «ግን ቀጭን ነው።» ከዚያ ገንፎው እንዳይቀዘቅዝ አስጠሩን። ሹፌሩ ቀድሞ ተቀምጦ ነበር፤ ያ ልጅ ጩኸቱን ረስቶ ጉልበቱ ላይ ወጥቷል፣ ከሳህኑ በእጁ እየዘገነ ይበላል። ሹፌራችን ሳህኑን ወደ ራሱ ይስባል፣ ልጁ መልሶ ይስባል። ልጁ አሸነፈ።